ክቦቹ የሚደራረቡበት ወለጋ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነቀምቴ 75,219 ነዋሪዎች ነበሯት። ከመቶው 48.5 ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 39.4 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 10.9 ያህሉ ደግሞ ሙስሊም ነን ብለው ለቆጣሪው ተናግረዋል። ቁጥሩ አርጅቷል። ተከታዩ ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ደጋግሞ ተራዘመ፣ እስካሁንም አልተካሄደም፤ ስለዚህ ስለ ወለጋ ከተሞች በአኃዝ መናገር የፈለገ ሁሉ ከዚያው ከአሮጌው ሰንጠረዥ ከመነሳት ሌላ ምርጫ የለውም። ያም ሆኖ ሰንጠረዡ አንድ ነገር ያስረዳል። በወለጋ ትልቋ ከተማ ውስጥ ብቻውን ግማሹን የሚሞላ የእምነት ወገን አልነበረም። «ወለጋ ማለት ጴንጤ ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ከነቀምቴ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠውን ትቶ ያልፋል ማለት ነው።

ሰንጠረዡ ያልነገረን ግን ከነገረን ይበልጣል። ሃይማኖት በአንድ ገጽ፣ ብሔር በሌላ ገጽ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በሦስተኛ ገጽ ይሰፍራል፤ ሦስቱም የሚቆጥሩት ግን ያንኑ ሰው ነው። በጋዜጣም ሆነ በስብሰባ የሚጠቀሱት እነዚህ ለየብቻ የቆሙ ድምሮች ናቸው፤ የሚያገናኛቸውን ነገር እኛው በግምት እንሞላዋለን። ብሔሩን ስንሰማ ሃይማኖቱን፣ ቋንቋውን ስንሰማ ብሔሩን ያወቅን ይመስለናል። ይህ ግምት አዲስ ጥናት ሳያስፈልግ፣ በእጃችን ባለው ቁጥርና በ9ኛ ክፍል ሂሳብ ብቻ ሊፈተን ይችላል። ሲፈተን ደግሞ ይወድቃል።

የ9ኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ስለ ስብስቦች በሚያስተምርበት ምዕራፍ የቬን ዲያግራም የሚባለውን ሥዕል ያስተዋውቃል። ተማሪው ሁለት ወይም ሦስት ክቦችን አደራርቦ ይስላል፤ ክቦቹ የሚደራረቡበት ቦታ የሁለቱም ስብስብ አባላት የሚቀመጡበት ነው። ፈተናው ሲያልፍ ሥዕሉም አብሮ ይረሳል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተመው ጽሑፍ ካቀረበው በካምብሪጅ የሎጂክ መምህር ከነበረው ከእንግሊዛዊው ጆን ቬን ነው። ቬን ክቦቹን የኦይለር ክቦች ይላቸው ነበር፤ የስዊሱ የሂሳብ ሊቅ ሌኦናርድ ኦይለር ከቬን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ለአንዲት ጀርመናዊት ልዕልት በጻፋቸው ደብዳቤዎች ተጠቅሞባቸዋልና። የሁለቱ ሰዎች አሣሣል ግን አንድ አይደለም፤ ለእኛ ጉዳይ ዋናውም ልዩነታቸው ነው። ኦይለር የሚስለው አለ ብሎ ያመነበትን ብቻ ነው፤ ሁለት ስብስቦች የጋራ አባል የላቸውም ካለ ክቦቹን አራርቆ ያስቀምጣቸዋል። ቬን ሊኖሩ የሚችሉትን ክፍሎች በሙሉ አስቀድሞ ይስላል፤ ለሦስት ክብ ስምንት ክፍል፣ ከሦስቱም ውጭ ያለውን ጨምሮ። ባዶነቱ የተረጋገጠውን ክፍል የሚያጠቁረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ አካሄድ «እዚያ ማንም የለም» የሚል ሰው ማስረጃ የማቅረብ ዕዳ አለበት። የእኛ የፖለቲካ ወሬ በአብዛኛው በኦይለር መንገድ ይሄዳል፤ ክቦቹን አስቀድሞ አራርቆ ይስልና መሐል ላይ ለቆመው ሰው ቦታ ያጣለታል።

ነቀምቴ የምትገኝበትን የኦሮሚያን ክልል ቁጥር እንውሰድ። በዚያው ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ 87.8 ከመቶው ኦሮሞ፣ 30.5 ከመቶው ኦርቶዶክስ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 118.3 ይሆናሉ። ከመቶ በላይ ሕዝብ የለም፤ ስለዚህ ትርፉ 18.3 ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ሰው ነው፣ ኦሮሞም ኦርቶዶክስም የሆነ። በሌላ በኩል ብንመጣበትም ያው ነው። ኦሮሞ ያልሆነው የክልሉ ነዋሪ 12.2 ከመቶ ነው፤ ከእነዚህ አንድ ሳይቀር ሁሉም ኦርቶዶክስ ናቸው ብለን፣ ከእውነት የራቀ ቢሆንም፣ ብንቀበል እንኳን ከኦርቶዶክሱ 18.3 ከመቶ ይተርፋል። የክልሉ ሕዝብ ያኔ ወደ 27 ሚሊዮን ነበርና ይህ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው። ልብ ይባል፣ ይህ መካከለኛ ግምት አይደለም፤ ከዚህ ዝቅ ሊል የማይችለው ወለል ነው። ለሙስሊሙ 47.5 ከመቶ ተመሳሳዩን ብናደርግ ወለሉ 35.3 ይሆናል፤ ለፕሮቴስታንቱ 17.7 ከመቶ 5.5። ሦስቱ ወለሎች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ኦሮሞ ያልሆነውን 12.2 ከመቶ ለአንዱ እምነት ካዋልነው ለሌላው አይተርፍምና። ስለዚህ ቢያንስ በሁለቱ ክፍሎች ትክክለኛው ቁጥር ከወለሉ ከፍ ይላል።

ይህ ስሌት የወረቀት ጨዋታ እንዳልሆነ የጥር 2015 ዓ.ም. ክስተት ያሳያል። ሦስት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቃነ ጳጳሳት በወሊሶ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ፤ ካቀረቧቸው ምክንያቶች ዋነኛው የኦሮሞ ምእመናን በቋንቋቸው አለመገልገላቸው ነበር። ቅዱስ ሲኖዶስ ሹመቱን አወገዘ፤ በየካቲትም ስምምነት ተደረሰ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ መፍረድ አያስፈልግም። ትኩረት የሚሻው ክርክሩ በሙሉ የቆመው ኦሮሞና ኦርቶዶክስ በሚባሉት ክቦች የወል ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ክፍሉ ትንሽ ነው ብሎ ለገመተ ሰው ነገሩ የጥቂት ሰዎች ፖለቲካ መሰለው፤ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ወለል እንዳለው ለሚያውቅ ግን የአገልግሎት ጥያቄው ከሹማምንቱ ጠብ ተነጥሎ ሊታይ የሚገባው ነበር።

ቋንቋና ብሔርም እንዲሁ እንደሚያምታቱ የአገር አቀፉ ድምር ይመሰክራል። በ1999 ዓ.ም. አማርኛን አፍ መፍቻዬ ያለው 29.3 ከመቶ፣ አማራ ነኝ ያለው 26.9 ከመቶ ነበር። ቢያንስ 1.7 ሚሊዮን ሰው በአማርኛ አፉን ፈትቶ ራሱን ግን በሌላ ብሔር አስቆጥሯል። የአፋን ኦሮሞ ነገር የዚህ ግልባጭ ነው፤ ኦሮሞ ነኝ ያለው ሕዝብ አፋን ኦሮሞን አፍ መፍቻዬ ካለው በ400 ሺህ ሰው ይበልጣል። አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ ፈትተው በሌላ ብሔር የተቆጠሩ እንዳሉ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እነሱ ሲታሰቡ ከክቡ ውጭ የሚቀረው ሰው ከዚህም ይበዛል። ከደምቢዶሎ ምዕራብ በአንፊሎ ያለውን ብቻ ማየት ይበቃል። የአንፊሎ ቋንቋ ሊጠፋ የተቃረበ ነው፤ የተናጋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የዘር ሐረጋቸውን ግን አልረሱም።

በነቀምቴ ታሪክ ውስጥ የወል ቦታዎቹ ምን ያህል ሙሉ እንደሆኑ ለማየት የ20ኛውን ክፍለ ዘመን መባቻ መመልከት ያዋጣል። ሦስት ክቦች እንሳል፤ አንደኛው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ፣ ሁለተኛው ኦርቶዶክሶች፣ ሦስተኛው ሥራቸውን በግዕዝ ፊደል የሚጽፉ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም በነቀምቴ የሚጎበኘው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ የሌቃ ገዥ ናቸው፣ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ነው። በጥምቀት ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ኦርቶዶክስ ሆነዋል፤ የጽሕፈት ቤታቸው ደብዳቤና መዝገብ ደግሞ በአማርኛ ነበር። እኚህ ሰው ከሦስቱ ክቦች መሐል ናቸው። በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ከተማ፣ ኦኔሲሞስ ነሲብ አለ። በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ በምጽዋ ነፃ የወጣው፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የተማረውና እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ የመጣው ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳትሞ ነበር፤ የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነው። አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖ፣ እርሷም ከባርነት ነፃ የወጣች፣ ለአፋን ኦሮሞ መዝገበ ቃላትና ለተረቶች ስብስብ ዋና ምንጭ ነበረች። ሁለቱ አፋን ኦሮሞና ፊደል በሚገናኙበት፣ ከኦርቶዶክሱ ክብ ውጭ ባለው ክፍል ይገኛሉ።

በ1984 ዓ.ም. ገደማ ቁቤ የሚባለው የላቲን አጻጻፍ ከጸደቀ ወዲህ «አፋን ኦሮሞ» እና «ፊደል» በብዙዎች አእምሮ ተራርቀው የተሳሉ ክቦች ሆነዋል። አንዱ ወገን ፊደሉን የሌላ ሰው ንብረት ያደርገዋል፤ ሌላው ወገን አፋን ኦሮሞ ከቁቤ በፊት ያልተጻፈ ይመስለዋል። የኦኔሲሞስና የአስቴር ሥራ ሁለቱንም አባባሎች ያፈርሳል። የቁቤ ምርጫ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ለድምፆቹ የተሻለ ስለሚስማማ ተመረጠ የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው ብዬ አምናለሁ። ታሪኩ ግን ባዶ ክፍል አልነበረውም።

«ፕሮቴስታንት» የሚለው ክብ ራሱ ሲከፈት በውስጡ ሌሎች ክቦች ይገኛሉ። በነቀምቴና በቦጂ በኩል ያለው ሥር የስዊድን ሉተራውያን ነው። በደምቢዶሎ የጀመሩት ግን እ.ኤ.አ. በ1919 በዶክተር ቶማስ ላምቢ የገቡት የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች ናቸው፤ የእነሱ ፍሬ የሆነችው ቤቴል እስከ እ.ኤ.አ. 1974 ድረስ ከሉተራውያኑ ፍሬ ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጋር አልተዋሃደችም። በጊምቢ ደግሞ በሆስፒታላቸው የሚታወቁት አድቬንቲስቶች አሉ። ቆጣሪው እነዚህን ሁሉ በአንድ ሣጥን ይጨምራቸዋል። አድቬንቲስቱ ግን የሚያርፈው ቅዳሜ ነው። እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ መደራረብ ይመጣል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ወዲህ ቀዳሚት ሰንበትን ታከብራለች። በጊምቢ «ቅዳሜን የሚያከብሩ» የሚል ክብ ብንስል የፕሮቴስታንቱን ክብ በጥቂቱ፣ የኦርቶዶክሱን ክብ በሰፊው ይዞ ይገኛል። ማን ከማን ጋር እንደሚመሳሰል የሚወሰነው በተጠየቀው ጥያቄ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ሊነሳ የሚችለው ከባዱ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። መደራረብ ሰላም አያመጣም ይባላል፤ እውነት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ደርግ ካሰፈራቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከወሎ ወደ ወለጋ የመጡ ናቸው፤ አሉላ ፓንክረስት በቄቶ ሰፈራ ላይ ያደረገው ጥናት የእነዚህን ሰዎች ኑሮ በቅርበት ያሳያል። ከእነሱ መካከል ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ነበሩ። ስለዚህ «አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ ኦርቶዶክስ ነው» የሚለው ግምት በራሱ በሰፈራ መንደሩ ወድቋል፤ በቤጊ በኩል ከሚኖረው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሙስሊም ጋር በእምነት የሚገናኙ አማርኛ ተናጋሪ ወለጌዎች ነበሩ፣ አሉም። ይህ የወል ቦታ መኖሩ ግን በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ የአማራ ተወላጆች በታጣቂዎች ከመገደል አላዳናቸውም። ገዳይ ሰውን ለመግደል አንድ ክብ ይበቃዋል፤ ሌሎቹን ክቦች አይጠይቅም።

ለዚህ የምሰጠው መልስ ሥዕሉ ጥይት ያቆማል የሚል አይደለም። ነገር ግን ከጥቃቱ በፊትና በኋላ የሚሠራው ሥራ፣ ዘገባው፣ ዕርዳታው፣ ምርመራው፣ እርቁ፣ ገዳዩ ይዞት በመጣው በአንዱ ክብ ብቻ መካሄድ የለበትም። ተጎጂው በብሔሩ ተመርጦ መገደሉ መደበቅ የሌለበት እውነት ነው፤ በዚያው ልክ ወለጋ የተወለደ፣ መስጊዱም ገበያውም እዚያው የነበረ ሰው እንደሆነ መጻፍም እውነቱን መሙላት ነው። «ከሌላ ክልል የመጣ» ተብሎ የተጻፈለት የሁለተኛና የሦስተኛ ትውልድ ሰፋሪ ወደ የት ይመለሳል? በአንድ ክብ የታሰበ መፍትሔ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዕርዳታውን በሚመለከት የመደራረብ ሂሳብ የገንዘብ ጉዳይም ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አንድ ወረዳ እናስብ። 600 አባወራ ቤቱ ተቃጥሎበታል፤ 500 አባወራ የቡና ማሳውን አጥቷል። ሪፖርቱ «1,100 ተጎጂ አባወራ» ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል። 300ዎቹ ቤታቸውንም ማሳቸውንም ያጡ ከሆኑ ግን የተጎጂው ቁጥር 800 ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የቁጥሩን መጋነን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ወገን ነው። ቤት የሚያሠራው ክፍል እነዚህን 300ዎች ከ600ው እንደ አንዱ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱም ከ500ው እንደ አንዱ ያያቸዋል። የሁሉንም ነገር መጥፋት የቀመሱ መሆናቸውን የሚያይ ዝርዝር የለም። ሪፖርቱን ያሳበጡትም፣ በሪፖርቱ ውስጥ የጠፉትም እነሱው ናቸው። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ስም ለስም ማመሳከር የአንድ ጸሐፊ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ የሚጎድለው እንዲሠራ የሚያዝ ሰው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ክብ መሳሉ በራሱ አደጋ ነው ይላል። ሰውን በብሔርና በሃይማኖት መደልደል ያለብንን ክፍፍል ያጠነክራል፤ መሳሉን ብንተወው ይሻላል ባዮች አሉ። የዚህ ሐሳብ ግማሹ ትክክል ይመስለኛል። የግለሰብ መታወቂያ ላይ ብሔር መጻፍ ያስከተለውን ጣጣ ያየ ሁሉ ይረዳዋል፤ አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ብሔርንም ሃይማኖትንም አለመጠየቁ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የድምር ቁጥር ግን የግለሰብ መታወቂያ አይደለም። የተለያዩት ድምሮች ቀድሞውንም ታትመዋል፣ በየመድረኩም ይጠቀሳሉ፤ ክፍፍሉን የሚያጠነክረው ክቦቹን ለየብቻ አሳይቶ የሚደራረቡበትን ማስቀረት ነው። ግማሹን ካተምን ቀሪውንም ማተም ወይም ሁለቱንም መተው ይገባል። በክብ ውስጥና ውጭ መካከል ያለው መስመር ጥርት ያለ አይደለም የሚለው ወቀሳም አለ፤ አባቱ ኦሮሞ እናቱ አማራ የሆነ የነቀምቴ ልጅ በመጠይቁ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ይገደዳል። ይህ የመጠይቁ ጉድለት እንጂ የሥዕሉ አይደለም። የቬን ሥዕል ለዚህ ልጅ ቦታ አለው፤ ቦታ የነፈገው ቅጹ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ቆጠራ ሲካሄድ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ብሔር በሃይማኖት፣ ብሔር በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተጣመረበትን ሰንጠረዥ በዞንና በትላልቅ ከተሞች ደረጃ ቢያትም ጥሩ ነው። ወደ ቀበሌ መውረድ የለበትም። በአንድ ቀበሌ ያሉ ሦስት የማኦ ብሔረሰብ ቤተሰቦችን በእምነታቸው ለይቶ ማተም ስማቸውን ከማተም አይለይም፤ ጥቂት ሰው ብቻ ያለባቸውን ክፍሎች ከሌሎች ጋር ማጠቃለል የተለመደና ቀላል ጥንቃቄ ነው። ከሁሉም በላይ ቅጹ ሁለት አፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲቀበል ይደረግ። በነቀምቴ ከእናቱ በአንዱ፣ ከአባቱ በሌላው ቋንቋ አፉን የፈታ ልጅ ብርቅ አይደለም። ይህ ከሆነ ኦሮሞ፣ ኦርቶዶክስ፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ፣ አማርኛ ተናጋሪ የሚሉ አራት ክቦች ሊኖሩን ነው፤ ለአራት ስብስብ ደግሞ አሥራ ስድስት ክፍል ያስፈልጋል። አራት ክቦች እንዴት ቢደራረቡ ከአሥራ አራት ክፍል በላይ አያወጡም። ቬን እዚህ ሲደርስ ክቡን ትቶ በሞላላ ቅርጾች ሣለ፤ ጋዜጦቻችን ደግሞ እዚያ ሲደርሱ ሥዕሉን ትተው አሥራ ስድስት መስመር ያለው ሰንጠረዥ ቢያትሙ ይበቃል።